ልጄ ጥርሷ ቡኒ ሆነ፣ ሻይ ውስጥ ኬሚካል አለ የሚባለው እውነት ነው?

ሰላም ከዝዋይ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ባለቤቴ ሥራ ተዛውሮ ዝዋይ ከመጣን ስድስት ዓመት አልፎናል። ትልቋ ልጄ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አሁን 8 ሊሞላት ነው። የወተት ጥርሶቿ ነጭ ነበሩ፣ ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶቿ ሲወጡ ግን መጀመሪያ ኖራ የተረጨባቸው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ነበራቸው፣ ውሎ አድሮ ደግሞ መሃሉ ላይ ቡኒ መስመር ጣለባቸው። በብሩሽ ብል በጨው ብል በከሰል ብል ንቅንቅ አይልም። ባለፈው ትምህርት ቤት ፎቶ ሲያነሷቸው አፏን ግጥም አድርጋ ነው የተነሳችው፣ ሳቂ እንጂ እናቴ ስላት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ አንጀቴን በላችው።

አሁን ጎረቤቴ በቴሌግራም የመጣ ጽሁፍ አሳየችኝ፣ ሻይ ውስጥ ፀረ ተባይ አለ እርሳስ አለ ፍሎራይድ አለ ፕላስቲክ አለ ካንሰር ያመጣል ይላል። እኛ ቤት ደግሞ ሻይ አይጠፋም። ጠዋት በዳቦ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ማታም ከእራት በኋላ። ማንቆርቆሪያው ከሰሉ ላይ እንደተጣደ ይውላል፣ ሲጎድል ውሃ እጨምርበታለሁ፣ ሲቀጥን ቅጠል ጣል አደርግበታለሁ። ውሃውን ከሰፈራችን ቦኖ ነው የምንቀዳው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ ሳሙና እንኳን ቶሎ አረፋ ይልበታል፣ ስለዚህ ውሃውን አልጠረጠርኩም።

ጥርሷን ያበላሸው ሻዩ ነው? ታናሹ 3 ዓመቱ ነው እሱም ሻይ ይወዳል፣ ልከልክለው ወይ? የምታውቁ እባካችሁ በግልጽ ንገሩኝ።

የሦስት እናት፦

እህቴ ዝም ብለሽ አቁሚው። ልጅ ሻይ ምን ያደርግለታል? ስኳር እና ቀለም ነው እኮ። ወተት ስጫቸው፣ ካልተገኘ አጥሚት።

ኬሚስቱ፦

ሰላም እህት፣ እኔ ውሃ ምርመራ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የገለጽሽው ነገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚጠቁመኝ፣ እሱም ሻዩ ሳይሆን ውሃው ነው። ሻዩም ግን ከደሙ ንጹህ አይደለም፣ ላስረዳሽ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያላችሁት። ከሥር ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፣ ውሃው በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ይወጣል፣ እሱ ሲበዛ ነው ገና በመሠራት ላይ ባለ የልጅ ጥርስ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እና ቡኒ መስመር የሚያመጣው። ሳሙና ቶሎ አረፋ ይላል ያልሽው ትልቅ ፍንጭ ነው። ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚለው ውሃው ካልሲየም ሲያንሰው ነው፣ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፣ ካልሲየም ስለሌለ ግን እንደሟሟ ይቀራል። ስለዚህ ጥርት ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ደስ የሚል ውሃ ሆኖ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ በብዙ እጥፍ። ወንጂ ላይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጥንታቸው የደረቀ፣ ጀርባቸው የጎበጠ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ታሪክ ተጽፎ ያለ ነው፣ ያም ከዚሁ ከጉድጓድ ውሃ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ። የሻይ ተክል ፍሎራይድን ከአፈር እየሳበ ቅጠሉ ውስጥ የሚያጠራቅም ተክል ነው፣ እንደሱ የሚያጠራቅም ተክል ጥቂት ነው። በንጹህ ውሃ እንኳን ብታፈዪው አንድ ሊትር ሻይ እንደ ቅጠሉ ዓይነት እና እንደቆየበት ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሚሊግራም ሊሰጥሽ ይችላል። የእናንተ ውሃ ለምሳሌ 3 ቢሆን፣ ሻዩ 2 ቢጨምርበት፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው በሊትር 5 ሆነ ማለት ነው። ልጅሽ በቀን ሦስት ብርጭቆ ማለትም ወደ 400 ሚሊ ሊትር ብትጠጣ 2 ሚሊግራም ከሻይ ብቻ አገኘች። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ2.2 እንዳያልፍ ይላል፣ እሷ ግን ገና ውሃ አልጠጣችም፣ በዚያው ውሃ የተሠራ ወጥ እና እንጀራም አልበላችም።

በጣም ያሳሰበኝ ግን ማንቆርቆሪያው ከሰል ላይ ይውላል ያልሽው ነው። ሰው ውሃ ሲፈላ ይጸዳል ብሎ ያስባል፣ ለጀርም ልክ ነው፣ ለፍሎራይድ ግን ተቃራኒው ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። በሊትር 3 የነበረው ውሃ ሩብ ያህሉ ሲተን 4 ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ እላዩ ላይ ሌላ ውሃ እና ሌላ ቅጠል ትጨምሪበታለሽ፣ እንዲህ እያለ ማታ ላይ ሌላ ነገር ነው የምትቀጂው። ውሃ አጋርም አይረዳም ምክንያቱም ክሎሪን የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። የሸክላ ማጣሪያም እንደዚያው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ውሃውን አስመርምሪ። አንድ ሊትር በንጹህ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተሽ ፍሎራይድ ይለካልኝ በይ። ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር እንኳን ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጉድጓድ 5 ሆኖ ሌላው ከ1 በታች የሚሆንበት አለ።

ሰላም ከዝዋይ፦

ወይኔ፣ እኔ እኮ ሲፈላ ይጸዳል ብዬ ነው ቀኑን ሙሉ የማፈላው። ለልጆቹ ብዬ ነው ያደረኩት። የትልቋ ጥርስ ከእንግዲህ አይመለስም ማለት ነው?

ኬሚስቱ፦

ራስሽን አትውቀሺ፣ የአገር ሰው በሙሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። የወጣው ጥርስ ቀለሙ በራሱ አይለቅም፣ ምክንያቱም እላዩ ላይ የተለጠፈ አይደለም፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው፣ ለዚህ ነው በከሰል ስትፈትጊው ያልለቀቀው፣ እንዲያውም ከሰል ጥርሱን ይሞርደዋል አቁሚ። የጥርስ ሐኪም ግን ላዩን በስሱ አጽድቶ ወይም ሸፍኖ ሊያስተካክለው ይችላል፣ ትንሽ ከፍ ስትል ውሰጃት። ታናሹ ግን ቋሚ ጥርሶቹ አሁን ነው ውስጥ ለውስጥ እየተሠሩ ያሉት፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ዛሬ የምታደርጊው ሁሉ ለሱ ይደርስለታል።

የካፋ ልጅ፦

ሰላም፣ እኔ ያደግኩት ውሽውሽ አጠገብ ነው፣ እናቴ ሻይ ለቃሚ ነበረች፣ ስለ ቅጠሉ የማውቀውን ልበል። ጥሩ ሻይ የሚለቀመው ሁለት ቅጠል እና አንድ እንቡጥ ነው፣ እናቴ በአውራ ጣት እና በሌባ ጣት ቀጥፋ ወደ ኋላ ቅርጫቷ ስትወረውር እጇ አይታይም ነበር። ይሄ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ፍሎራይዱ እና አልሙኒየሙ የሚጠራቀመው ቅጠሉ ተክሉ ላይ በቆየ ቁጥር ነው፣ ለጋው ትንሽ አለው ያረጀው ብዙ አለው። ሻይ የሚወደው ደግሞ አሲዳማ አፈር ነው፣ አሲዳማ አፈር ውስጥ አልሙኒየም ይሟሟና ተክሉ በሥሩ ይስበዋል። ቲቤት እና የውስጥ ሞንጎሊያ አካባቢ ካረጀ ቅጠል እና ከግንድ ተጨፍልቆ እንደ ጡብ የሚሠራ ሻይ አለ፣ እሱን ቀኑን ሙሉ አፍልተው የሚጠጡ ሰዎች ውሃቸው ደህና ሆኖ ሳለ አጥንታቸው እና ጥርሳቸው በፍሎራይድ ተጎድቷል፣ ቻይና ለዚያ ሻይ በኪሎ 300 ሚሊግራም የሚል ወሰን አውጥታለች። ስለዚህ ርካሽ ነው ብላችሁ ግንድ ግንድ የሚል፣ ውስጡ እንጨት የሚታይበት ሻይ ቅጠል አትግዙ፣ ለጋ ቅጠል ያለው ትንሽ ይወደዳል ግን ትንሽ ነው የሚበቃው።

ፀረ ተባይን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሻይ ቅጠል ከተለቀመ ጀምሮ ብርጭቆ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አይታጠብም። ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይደርቃል፣ ይታሸጋል፣ በቃ። የመጀመሪያው ውሃ የሚነካው የናንተ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ግሪንፒስ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ህንድ ውስጥ ከገበያ 49 የሻይ ናሙና አንስቶ አስመርምሮ ከአብዛኞቹ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝቷል፣ ዲዲቲ ሳይቀር። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ቅጠሉ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሻዩ አይገባም።

ኬሚስቱ፦

የካፋው ወንድሜ ትክክል ነህ፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። ዲዲቲን የመሰሉ በስብ እንጂ በውሃ የማይሟሙ ናቸው፣ አብዛኛው ክፍላቸው ከቅጠሉ ጋር ማጥለያው ላይ ይቀራል። ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰሉት አዲሶቹ ግን በውሃ ስለሚሟሙ ብዙው ክፍላቸው ወደ ብርጭቆ ይወርዳል። ስለዚህ በቅጠሉ ላይ ስንት አለ የሚለው ብቻ አይበቃም፣ ምን ዓይነት ነው የሚለውም አብሮ መታየት አለበት። ቅጠሉን አለመብላት ግን ጥሩ ነው፣ ልጆች ዝቃጩን ከብርጭቆ ሥር እንዳይጠጡት።

የመቂ ገበሬ፦

ስለ ፀረ ተባይ ከተነሳ እኔም ልናገር። እኛ ሽንኩርት እና ቲማቲም ነው የምናመርተው፣ ኬሚካሉን መድኃኒት ነው የምንለው፣ ስሙ ራሱ አታሎናል። ባዶውን ጠርሙስ እና ጀሪካን አጥበው ውሃ የሚቀዱበት፣ ሻይ ይዘው ማሳ የሚሄዱበት ሰዎች አሉ። እኔ ራሴ በልጅነቴ አባቴ በዚያ ጀሪካን ያመጣውን ውሃ ጠጥቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ እንኳን ሽታው አልወጣም ነበር። ፕላስቲኩ ይመጠዋል እኮ፣ ትኩስ ነገር ሲገባበት ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። እባካችሁ ያንን ጀሪካን ብሱት፣ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት አድርጋችሁ ብሱት።

ሃይላንድም ያው ነው። የቀን ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ትኩስ ሻይ በሃይላንድ አስቀድቶ ነው የሚመጣው፣ ጠርሙሱ ይጨማደዳል ይኮማተራል፣ እሱን ይጠጡታል።

ከሜሪላንድ፦

ስለ ሃይላንድ የተባለው እውነት ነው፣ ያ ጠርሙስ የተሠራበት ፕላስቲክ ሲመረት አንቲሞኒ የሚባል ብረት ይገባበታል፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አንቲሞኒው ወደ ውሃው የሚለቀው በጣም ይጨምራል። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ዕቃ ነው።

እኔ ደግሞ እዚህ ላለን ሐበሾች ሁለት ነገር። አንደኛ የሻይ ከረጢት። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ መጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከፕላስቲክ የተሠሩ ከረጢቶችን በ95 ዲግሪ ውሃ ነክረው ከአንዷ ከረጢት 11.6 ቢሊዮን ማይክሮፕላስቲክ ይወጣል ብለው ጻፉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሩ ተጋኗል ብለው ተከራክረዋቸዋል፣ እኔ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠብቅም፣ ያቺ እንደ ሐር የምታብረቀርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ከረጢት ቤቴ አትገባም። ልቅ ቅጠል ገዝቶ በስቴንለስ ማጥለያ መቅዳት ምን ይከብዳል?

ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ፣ ቀረፋ። ሻያችን ያለ ቀረፋ እና ቅርንፉድ አይሆንልንም። በ2023 መጨረሻ እዚህ አሜሪካ ቀረፋ የገባበት የፖም ንፍሮ የበሉ ከ400 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኘ፣ የተፈጨው ቀረፋ ላይ ነው የተጨመረው። ከዚያ በኋላ በ2024 የምግብና መድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት ሱቅ ላይ ያሉ የተፈጩ ቀረፋዎችን ሲመረምር በበርካታዎቹ እርሳስ አግኝቶ አትጠቀሙ ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። እርሳስ ለልጅ ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም የሚባልለት መጠን የለውም፣ አእምሮ ነው የሚጎዳው። ዱቄት ላይ ቀለም መቀላቀል ቀላል ነው፣ ቅርፊቱ ላይ ግን ይከብዳል። እኔ እናቴ እንደምታደርገው ቅርፊቱን ገዝቼ ራሴ ሰብሬ ነው የምከተው።

ዕቃ ነጋዴ መርካቶ፦

ማንቆርቆሪያውም ይታይ። ከውዳቂ አልሙኒየም እየቀለጠ የሚሠራ ድስት እና ማንቆርቆሪያ አለ፣ የሞተር ክፍል በለው የራዲያተር ቁራጭ በለው የተገኘው ሁሉ አንድ ላይ ይቀልጣል። ካሜሩን ውስጥ እንዲህ የተሠሩ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ ተረጋግጧል። እኔ እሸጥ ነበር፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሻይ ለሚፈልግ ሰው ስቴንለስ ውሰድ ነው የምለው፣ ባይገዛኝም። ለጊዜው መቀየር ያልቻለ ሰው ሎሚውን ማንቆርቆሪያው ውስጥ አይጭመቅ፣ ብርጭቆው ላይ ይጭመቅ፣ አሲድ ብረቱን ይበላዋል። ሻይውንም አፍልቶ ፔርሙስ ውስጥ ይገልብጠው እንጂ እዚያው አያሳድረው።

አቶ ተሰማ፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁም አንብባችሁ ነው የምትናገሩት ግን ማስፈራራቱ በዛ። እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሻይ ስጠጣ ነው የኖርኩት፣ ምንም አልሆንኩም። እናቶቻችን ሻይና ዳቦ አብልተው ነው ያሳደጉን። ደሃ ቤት ከሻይ ሌላ ምን አለ?

ኬሚስቱ፦

ጋሽ ተሰማ ዕድሜዎን ያርዝመው። ሻይ መርዝ ነው አላልኩም፣ እኔም ጠዋት ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ጉዳዩ መጠኑ እና ውሃው ነው። እርስዎ ያደጉት ደጋ ከሆነ የምንጭ ውሃ ነው የጠጡት፣ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው። መጠን ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለማሳየት አንድ ልንገርዎ፣ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የ47 ዓመት ሴት ለ17 ዓመት በየቀኑ ከ100 እስከ 150 የሻይ ከረጢት አንድ ጆግ ውስጥ ነክራ ትጠጣ ነበር። ጥርሷ እየተሰባበረ ስላስቸገራት በሙሉ ተነቀለ፣ ወገቧን እጇን እግሯን ያማት ነበር፣ በራጅ ሲታይ አጥንቷ ከልክ በላይ ጠጥሮ ተገኘ። በቀን ከ20 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ትወስድ ነበር ማለት ነው። ማንም እንደሷ አይጠጣም፣ ግን ዝዋይ ያለ ሰው ውሃው ግማሹን መንገድ ቀድሞ ሄዶለታል።

ሲስተር፦

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የሁላችሁንም አነበብኩ፣ አንድ የተረሳ አለ፣ ኬሚካል ባይባልም በየቀኑ የማየው እሱን ነው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህል እና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን አይረን ይይዘዋል፣ ሰውነት አያገኘውም። ደም ማነስ ያለባት እርጉዝ እናት የአይረን ክኒኗን በሻይ ስትውጠው ስንቴ አይቻለሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ ወስዳ ደሟ ከፍ አላለም ነበር፣ በምን ነው የምትውጪው ስላት በሻይ አለችኝ፣ በውሃ አድርጊው ብዬ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተሻሽሎ አገኘሁት። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ፣ ለ3 ዓመት ልጅ ግን ባይሰጥ ይሻላል። የግድ ካለ ወተት ይግባበት፣ የወተቱ ካልሲየም ፍሎራይዱንም በተወሰነ ደረጃ ይይዘዋል።

ደግሞ አቀዝቅዙት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሏል፣ ሻይም ይሁን ቡና ወይም ውሃ። አርሲ እና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፣ እሳት የሚመስል ገንፎ እና መጠጥ ከተጠረጠሩት መካከል ነው። ከንፈር የሚያቃጥለውን ጉሮሮም አይወደውም።

ሰላም ከዝዋይ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። አስመረመርኩት። የሰፈራችን ቦኖ በሊትር 3.8 ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ኬሚስቱ ምሳሌ ብለህ የጻፍከው 3 ነበር፣ የኛ በለጠ። ባለቤቴ ደግሞ ከሚሠራበት ግቢ ውሃ ቀድቶ አስለክቶ ነበር፣ እሱ 0.9 ነው። የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው ልዩነቱ።

አሁን በየቀኑ ማታ ሲመጣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን በባጃጅ ያመጣል፣ ለመጠጥ፣ ለሻይ እና ለወጥ ብቻ ነው የምንጠቀምበት፣ የቦኖውን ለእጥበት አድርገነዋል። ማንቆርቆሪያውን ከከሰሉ ላይ አወረድኩት፣ አንዴ አፍልቼ ፔርሙስ ውስጥ እገለብጣለሁ። ታናሹ ሦስት ቀን አለቀሰ፣ አሁን የሞቀ ወተት ሲሰጠው ሻዬ እያለ ይጠጣዋል። ጎረቤቶቼንም ወረቀቱን አሳየኋቸው፣ አንዷ እኔ ቤት ያሉት አራቱም ልጆች ጥርሳቸው እንደዚህ ነው፣ የዘር ነው ብዬ ነበር ብላ አለቀሰች።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሁሉም ጎረቤት ባጃጅ የለውም። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ የሚባል አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እሱ ይሠራል?

ኬሚስቱ፦

በደንብ ይሠራል። የከብት አጥንት አየር በሌለበት ይቃጠልና ይፈጫል፣ ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ አጥንቱ ፍሎራይዱን ይይዘዋል፣ ልክ በሰው አጥንት ላይ የሚያደርገውን እዚያ ያደርጋል ማለት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተሞከረባቸው መንደሮች አሉ። በደንብ ያልተቃጠለ ከሆነ ውሃውን ያሸተዋል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ከሚያውቅ ሰው ይሁን። ከጊዜ በኋላም ይሞላል፣ ሲሞላ መያዝ ያቆማል እና መቀየር አለበት፣ ብዙ ቦታ የከሸፈው እሱን የሚከታተል ሰው ስለጠፋ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ፣ የመጀመሪያውን አቧራማውን ደፍታችሁ ቀሪውን በንጹህ በርሜል አጠራቅሙ፣ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፣ እሱን ግን አፍልታችሁ ጠጡ። አራቱ ልጆች ያሏት ጎረቤትሽ ትንሹ ልጇ ስንት ዓመቱ ነው?

ሰላም ከዝዋይ፦

ዓመት ከመንፈቁ ነው።

ኬሚስቱ፦

እንግዲያው ከሁለቱ ጀሪካን አንዷን ሊትር ለሱ አካፍሉት።